ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን፦ የምግባችንን መዝገብ ክፈቱልን

ጉዳዩ፦ በሀገር በቀል ምግቦችና በባህላዊ ቅርሶች ላይ የተሰበሰበውን መረጃ በክፍት ፈቃድ ስለማውጣት

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአማርኛ ውክፔዲያ በበጎ ፈቃድ ከሚጽፉ ሰዎች አንዱ ሆኜ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። ስለ ሕዝቦቻችን ምግብና ባህል በእናንተ ዘንድ ተመዝግቦ ያለውን ዕውቀት ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊጠቅሰውና ሊያባዛው በሚችልበት ክፍት ፈቃድ አውጡልን። ገንዘብም ሆነ አዲስ መሥሪያ ቤት አልጠይቅም። የተደከመበት ሥራ ለሕዝብ እንዲደርስ ነው የምጠይቀው።

ምክንያቴን በእንሰት ላስረዳ። እንሰት ለምግብነት የተላመደውና የሚለማው በሀገራችን ብቻ ነው። ከጉራጌ እስከ ሲዳማ፣ ከከምባታና ሀዲያ እስከ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ዳውሮ፣ ጌዴኦና ከፋ ድረስ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በእሱ ይኖራል። ዝናብ ቀርቶ እህል ሲጠፋ እንሰቱ ጓሮ ውስጥ እንደቆመ ነው፤ ቤተሰብ በክፉ ቀን የሚተርፈው በእሱ ነው።

ሥራውን ቀርቦ ያየ ሰው ምን ያህል ዕውቀት እንዳለበት አይጠፋውም። የቱ ተክል ለመፋቅ እንደደረሰ የሚለዩት እናቶች ናቸው። ተክሉ ከተነቀለ በኋላ ግንዱ ሽፋን በሽፋን ይገነጠላል። ፋቂዋ አንዱን ሽፋን ዘንበል ብሎ በቆመ ሳንቃ ላይ ታስደግፈዋለች፣ መሬት ተቀምጣ በእግሯ ረግጣ ትይዘዋለች፣ ከዚያም በተሳለ ቀርከሃ ትፍቀዋለች። እጇ ከጠነከረ ቃጫው ይበጣጠሳል፤ ከላላ ደግሞ ምግቡ ከቃጫው ላይ ይቀራል። ከሚጨመቀው ውሃ ሥር ረግቶ የሚገኘው ነጩ ቡላ ነው። ሥሩ ተቀጥቅጦ ከተፋቀው ጋር ይደባለቅና በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፤ ቅጠል ይለብሳል፣ ድንጋይ ይጫነዋል። መቼ ተከፍቶ እንደሚገላበጥ፣ በደጋው ብርድ ስንት ጊዜ መቆየት እንዳለበት፣ ሽታው ምን ሲሆን ቆጮው እንደደረሰ የሚታወቀው በእጅና በአፍንጫ ነው። በጽሑፍ የተያዘው ከዚህ ውስጥ ትንሹ ነው።

የተያዘውም ቢሆን የጎደለው ነገር አለ። በብዙ አካባቢ እንሰት ሲፋቅ ወንድ እንዳይቀርብ ባህሉ ይከለክላል። መዝጋቢ ሆኖ የሚሄደው ባለሙያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንድ ነው። ስለዚህ የሚጻፈው ጓሮ ውስጥ ያሉት እናቶች የሚያውቁት ሳይሆን ግቢው በር ላይ የተነገረው ይሆናል። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ ግን ሴት መዝጋቢዎችን ማሠማራት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

አሁን ወደ እኛ ሥራ ልምጣ። አማርኛ ውክፔዲያ ወደ 15 ሺህ ገጾች ብቻ ነው ያሉት፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የአንድና የሁለት ዓረፍተ ነገር ናቸው። አንባቢዎቻችን ሰነፍ ጸሐፊዎች የሆንን ሊመስላቸው ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በውክፔዲያ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ነገር ታትሞ በወጣ ምንጭ መደገፍ አለበት። “አያቴ እንዲህ ስትሠራ አይቻለሁ” ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ አያቴ ትክክል ብትሆንም። ሕጉ ሐሰትን ለመከላከል የወጣ ነውና አልቃወመውም። ነገር ግን ዕውቀቱ በቃል የሚተላለፍ ሕዝብ ላይ ክንዱ ይከብዳል። ስለ ቡላ አንድ አንቀጽ ልጽፍ ስነሳ የማገኘው ምንጭ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ካልተከፈለበት የማይከፈት የምርምር ጽሑፍ ነው። ጽሑፉም ስለ ስታርቹና ስለ ባክቴሪያው በዝርዝር ይነግረኛል፤ ቡላ ለአራስ ለምን እንደሚቀርብ፣ ለእንግዳ በምን ቅቤ እንደሚሠራ ግን አይነግረኝም።

እናንተ ይህን የሚነግር ሰነድ የማዘጋጀት ግዴታ ያለባችሁ ተቋም ናችሁ። ኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ተቀብላለች። የስምምነቱ 12ኛ አንቀጽ እያንዳንዱ አባል ሀገር በግዛቱ ያሉትን የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝግቦ እንዲይዝ፣ መዝገቡንም በየጊዜው እንዲያድስ ያዛል። በዚህ መዝገብ ያልሰፈረ ቅርስ ለዓለም አቀፉ ዝርዝር ሊታጭ አይችልም። እ.ኤ.አ. መስቀል በ2013፣ ፍቼ ጨምባላላ በ2015፣ የገዳ ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀት በ2019፣ የሐረሪ ሹዋሊድ በ2023 የተመዘገቡት መረጃቸው አስቀድሞ በባለሙያ ተሰብስቦ ስለነበር ነው።

ከእነዚህ ቅርሶች በዓል የሆኑት ሁሉ ማዕድ አላቸው። በፍቼ ዋዜማ የሲዳማ ቤተሰብ ተሰብስቦ ከቆጮ፣ ከቅቤና ከወተት የተዘጋጀ ቡሪሳሜ ይበላል። በጉራጌ የመስቀል ሰሞን የደንገሳት ምሽት የጎመን ክትፎ ይቀርባል፤ የሥጋው ክትፎ ተራው በኋላ ነው። የማመልከቻ ሰነዶቹ ግን ዛሬ ማንም ሰው የሚያገኛቸው በዩኔስኮ ድረ ገጽ ላይ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። የሀዋሳ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የራሷን በዓል ታሪክ ለማንበብ ፓሪስ ድረስ በባዕድ ቋንቋ መሄድ አለባት። በሲዳምኛ፣ በጉራጊኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሐረሪኛና በአማርኛ የተቀዳው የአባቶችና የእናቶች ቃል፣ ፎቶግራፉና ቪዲዮው፣ ሰነዱ የተጻፈበት ጥሬ ሀብት ነው። እኛ የምንፈልገው እሱን ነው።

“መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተፈቅዷል፤ መጥታችሁ ጠይቁ” ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ አዋጁ በር ይከፍታል። ይሁን እንጂ ማንበብ መቻልና መልሶ ማሳተም መቻል የተለያዩ ናቸው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሌላውን ሥራ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ማባዛት አይቻልም። የውክፔዲያ የፎቶና የቪዲዮ ማከማቻ በሆነው ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ አንድ ፎቶ ስናስገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ማን አነሳው፣ በምን ፈቃድ ወጣ የሚል ነው። መልስ ከሌለው ፎቶው ይሰረዛል። በሰነዱ ሽፋን ላይ “ስማችንን ጠቅሳችሁ፣ ያሻሻላችሁትንም በዚሁ ፈቃድ አውጥታችሁ ተጠቀሙበት” የሚል አንድ የክሪዬቲቭ ኮመንስ (የታወቀ የክፍት ፈቃድ ዓይነት) መስመር ብትጽፉ ይህ ሁሉ ጣጣ ያልቃል። በአሜሪካ የስሚዝሶኒያን ተቋም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ምስሎችን ያለ ምንም ገደብ ለዓለም ለቋል። አቅማችን ከእነሱ ጋር አይወዳደርም፤ ፈቃድ ለመስጠት ግን ፊርማ ይበቃል።

ከእናንተ ወገን የሚነሳውን ትልቁን ስጋት አውቃለሁ፤ “ከከፈትነው ይሰርቁናል” የሚለው ነው። ስጋቱ ከሜዳ አልመጣም። የጤፍን ጉዳይ ማን ይረሳል? እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጤፍን ስለመጠቀም ከሀገራችን ተቋማት ጋር ውል ፈረመ። በ2007 የአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ሰጠ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን በሌላ እጅ ቆየ። ከፓተንቱ እምብርት አንዱ ጤፍ ከታጨደ በኋላ ሳምንታት አርፎ ቢፈጭ ዱቄቱ የተሻለ ይሆናል የሚል ነበር። ይህን የጎጃምና የአድአ ገበሬ ሚስት ከእናቷ ተምራዋለች። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2018 የኔዘርላንድስ የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራ የሌለበት ነው ብሎ በዚያ ሀገር ውድቅ አደረገው።

ከዚህ የምማረው ስጋቱ ከሚለው ጋር ተቃራኒውን ነው። ዕውቀቱ ተደብቆ መቆየቱ አልጠበቀንም፤ የተፈረመው ውልም አልጠበቀንም። ፓተንት መርማሪ ከፊቱ የቀረበለትን ማመልከቻ የሚመዝነው ቀደም ብሎ ታትሞ ከወጣ ዕውቀት ጋር ነው። ቀን ያለው፣ ሊነበብ የሚችል ሰነድ ካላገኘ “አዲስ ነው” ይላል። ሕንድ ይህን ቀድማ ገብቷታል። አሜሪካ በእርድ ቁስል ማዳን ላይ የሰጠችው ፓተንት እ.ኤ.አ. በ1997 የተሰረዘው ሕንዶች የጥንት የሳንስክሪት ጽሑፍና በ1953 የታተመ የሕክምና መጽሔት ጽሑፍ ስላቀረቡ ነው። ከዚያ በ2001 የባህል ዕውቀታቸውን በዲጂታል መልክ መሰብሰብ ጀመሩ። እኛ ቆጮን፣ ስልጆን፣ ጢህሎን፣ ቦርዴን በቀንና በቦታ ዘግበን አደባባይ ካላወጣናቸው ነገ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ዋስትና የለንም።

ሁሉም ይከፈት ግን አልልም። እዚህ ላይ ጠንቃቃ መሆን ግድ ነው። ለተሰበረ አጥንት የሚመረጡ የእንሰት ዓይነቶች አሉ፤ በጉራጌ አስታራና ጓርዬ የታወቁ ናቸው። ስማቸው ከወጣ ቆይቷል፤ መድኃኒትነት ያለው አዘገጃጀት ግን የማኅበረሰቡ ሀብት ነው። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን (አግኝቶ መጠቀምን) የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይህን መብት ለማኅበረሰቡ ሰጥቷል። ስለዚህ መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት ቃላቸውን የሰጡት እናቶችና ሽማግሌዎች በራሳቸው ቋንቋ ይጠየቁ፤ ይህ ይውጣ፣ ይህ ይቅር ይበሉ። ስማቸው እንዲጠቀስ የሚፈልጉት ይጠቀስላቸው። የመድኃኒትና የአምልኮ ምስጢር የሆነው ተለይቶ ይቀመጥ። የዕለት ማዕዳችን፣ የበዓል ምግባችን፣ የመሥሪያ ዕቃው ስምና አሠራሩ ግን የሚደበቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ጊዜውም አይጠብቀንም። እንሰት አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ በሳይንስ ከተገለጸ ከ1968 እ.ኤ.አ. ወዲህ መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ጓሮ ሲገባ መላ ተክሉን ያጠፋል። የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ከየአካባቢው የተሰበሰቡ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእንሰት ዓይነቶችን ተክሎ ይጠብቃል፣ ሊመሰገን ይገባዋል። ተክሉ በዚያ ይተርፋል። ይህኛው ለቡላ፣ ያኛው ተቀቅሎ ለሚበላው አሚቾ፣ ሌላው ለቃጫ የሚለው የእናቶች ምርጫ ግን አብሮ አይተከልም፤ መመዝገብ አለበት። ዋሽንግተን ከሀበሻ ሱቅ የቡላ ዱቄት ገዝታ እንዴት እንደምትሠራው ስልኳን የምትጠይቅ ወጣት የምታገኘው መልስ፣ እኛ ክፍት አድርገን በጻፍነው ልክ ነው። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎችም የሚማሩት ከእነዚሁ ክፍት ገጾች ነው።

ማላዊ ንሲማን እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሴኔጋል ቼቡ ጄንን በ2021 በዩኔስኮ አስመዝግበዋል። ሁለቱም የተራ ሰው የዕለት ምግብ ናቸው። እንሰትን ከነማዕዱ ለማቅረብ የሚያንሰን ነገር የለም።

ለመጀመር ሁሉም ነገር እስኪሟላ አትጠብቁ። የአንድ ብሔረሰብ ምግብ መዝገብ ብቻ፣ ከነፎቶው፣ ባለቤቶቹ በፈቀዱት መጠን፣ በዚህ ዓመት ይውጣ። ከእኛ ጋር የሚገናኝ አንድ ባለሙያ መድቡልን። እኛም በበኩላችን ጽሑፉን በአማርኛ እናሰናዳለን፣ ፎቶዎቹን ከነመግለጫቸው ኮመንስ ላይ እናስገባለን፣ የምግቦቹንና የመሥሪያ ዕቃዎቹን ስም በየቋንቋው ዊኪዳታ (ክፍት የመረጃ ቋት) ላይ እንመዘግባለን፤ የባለሥልጣኑ ስም በየገጹ በምንጭነት ይጠቀሳል። ባለሙያዎቻችሁ ራሳቸው መጻፍ ቢፈልጉም ቢሯችሁ ድረስ መጥተን አሠራሩን እናሳያለን።

መልሳችሁን እንደዚህ ደብዳቤ በግልጽ ብታወጡት ደስ ይለናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የአማርኛ ውክፔዲያ በጎ ፈቃደኛ ጸሐፊ
አዲስ አበባ