ፎቶሽ ላይ ማስታወቂያ ለጥፈውበታል

ድሬ ዳዋ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.

እህትዬ፣

እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ? ትንሹ ልጅሽ ይሄኔ እየሮጠ ይሆናል። አንድ ዓመት ከስምንት ወር ጠፍታ የከረመች ሰው ድንገት ብቅ ብላ «እንዴት ነሽ» ስትል ምን እንደሚባል አላውቅም። እኔ ብሆን «አቦ ሂጂ ወዲያ!» ነበር የምለው። አንቺ እንደማትዪኝ ስለማውቅ ነው የደፈርኩት።

ሦስቱ ደብዳቤዎችሽ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። በቴሌግራም የላክሁልሽን የገናና የፋሲካ ምስል እንደ መልስ አትቁጠሪልኝ፤ እሱንማ ለመቶ ሰው በአንዴ ነው የምልከው። የመጀመሪያው ደብዳቤሽ የግንቦት 2015 ነው፣ የሱዳን ጦርነት በተጀመረ በወሩ። «አድሬ» የሚለውን የከተማ ስም ሳይ የሐረር ወሬ የምትነግሪኝ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ነበር። ወደ ታች ስወርድ ግን ከዳርፉር በእግራቸው ድንበር ተሻግረው አንቺ ወዳለሽበት ወደ ቻድ ስለሚመጡ እናቶች ነው። «እንጸልያለን፣ በርቺ» ብዬ ሁለት መስመር መለስኩልሽና ጠፋሁ።

መጀመሪያ ላይ በስንፍና ነበር። ኋላ ግን በእፍረት ሆነ።

የሚሽን ክፍሉ ገንዘብ ያዥ እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። አንቺን ስንልክ ቤተ ክርስቲያናችን በወር 20,000 ብር ቃል ገብታለች። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ይህ ብር ወደ 350 ዶላር ይጠጋ ነበር። ብዙ አይደለም፤ ግን የቤት ኪራይሽንና የትልቋን ትምህርት ቤት ይይዝልሽ ነበር። ሐምሌ 22 የምንዛሪው ነገር መጣ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። አሁን 125 አካባቢ ነው። ያው 20,000 ብር 160 ዶላር ሆኖ ቀረ።

የሚገርመው፣ እዚህ ማንም ቃሉን አላጠፈም። ጤፍና ዘይቱ ሰማይ በነካበት ጊዜ እንኳ ሰው ያስለመዳትን ይዞ ይመጣል። ደብተሬን ስታዪው አንድም ጎደሎ የለበትም። ጎደሎው የሚታየው አንቺ ጋ ሲደርስ ነው። ይህን ቀድሜ ልጽፍልሽ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ነገ ስል ነገሩን የነገረሽ የባንክ ወረቀት ሆነ። በሁለተኛው ደብዳቤሽ «ስህተት ይኖር ይሆን?» ብለሽ በትሕትና ጠየቅሽኝ። ያቺን «ይኖር ይሆን» ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት ጌታ ያውቃል።

መስከረም ላይ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹን ታስታውሺዋለሽ፤ ያው ቆርቆሮ፣ ያው ሙቀት፣ አሁንም አንዱ ማራገቢያ ብቻ ነው የሚሠራው። አንድ ሽማግሌ ተነሱ፤ ማን እንደሆኑ ሳልነግርሽ ታውቂያቸዋለሽ። «ጣሪያችን እያፈሰሰ ቻድ ምን አገባን?» አሉ። ቀጥለው ወላይታን አነሡ። በጣልያን ጊዜ፣ በ1929፣ ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የሚባለው የውጭ ሚሲዮን ሰዎች ተባርረው ሲወጡ ጥለውት የሄዱት ሃምሳ የማይሞላ የተጠመቀ አማኝ ነበር፤ ሲመለሱ ሺዎች ሆነው ጠበቋቸው። «አያችሁ? ገንዘቡ ሲቋረጥ ነው ወንጌል የሚሮጠው» አሉ። ግማሹ ሰው «አሜን» አለ።

ታሪኩ እውነት ነው። ድምዳሜው ግን አናደደኝ። የወላይታ አማኞች እኮ በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው፣ ከጓሮአቸው እየበሉ ነው የተሰደዱትም የሰበኩትም። ቻድ ውስጥ ጓሮ የላትም አንቺ። ሰው ልኮ ራቱን መከልከልና ሰው ተባርሮብህ እግዚአብሔር መሥራቱ አንድ ነው እንዴ?

ስብሰባ ላይ አፌ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። የዚያን ቀን ግን ተነሣሁ። የጫማ ሰፊውን ታሪክ ነገርኳቸው፤ አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። በ1792 እ.ኤ.አ. ኬተሪንግ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ጥቂት የባፕቲስት ሰባኪዎች አንዲት መበለት ቤት ተሰብስበው ቃል የገቡት ገንዘብ 13 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ነበር። የቃል ኪዳን ወረቀቶቻቸውን የሰበሰቡት በሱረት ቆርቆሮ ነው! (እዚህ ላይ ጉባኤው ሳቀ። የእኛ ሰው ሱረት ሲባል እንዴት እንደሚሆን አይተሻል።) በዓመቱ ጫማ ሰፊው ዊልያም ኬሪ ወደ ህንድ ሄደ። የመጀመሪያው የአገሬው ሰው የተጠመቀው በሰባት ዓመቱ ነው። ኬሪ አገሩን ሳያይ እዚያው ሞተ። ቤት የቀረው አንድሩ ፉለር ደግሞ ነገሩን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ሰው እንደማውረድ ነበር የሚያየው፤ ኬሪ ይወርዳል፣ እነሱ ላይ ሆነው ገመዱን ይይዛሉ። ፉለር እስኪሞት ድረስ ከመንደር መንደር እየዞረ ገንዘብ ለመነ፣ ደብዳቤ ጻፈ።

«ሰባት ዓመት!» አሉ ሽማግሌው። «እኛ እንኳ በሦስተኛው ዓመት ነው የጠየቅነው።» እሳቸው ቀልድ መስሏቸው ነው። እኔ ግን እግሬ ከዳኝና ተቀመጥኩ። ስለ ገመድ የምሰብከው እኔ ነኛ! ደብዳቤሽን መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩት እኔ።

ሌላም አለ፤ ይሄን ካልነገርኩሽ ደብዳቤው ደብዳቤ አይሆንም። የሪፖርቱ ቅጽ። እኛው ነን ያዘጋጀነው፤ እኔም እጄ አለበት። «በዚህ ሩብ ዓመት ስንት ሰው ጌታን ተቀበለ?» ለሚለው አንቺ እንዲህ ብለሽ ሞላሽ፦ «የአንዲት ልጅ እግር ለ40 ቀን አሰርኩ። በ41ኛው ቀን እናቷ ሻይ አፍልታ ጠራችኝ።» ፎቶ ላኪ ስንልሽ ደግሞ «የሰው ልጅ ቁስል ለቦርድ አይሆንም» አልሽ። ኮሚቴው ውስጥ አንዱ «ይሄ ሪፖርት ነው?» አለ። ዝም አልኩ። ሪፖርት መሆኑን ልቤ ያውቅ ነበር፤ አፌ ግን ዝም አለ።

ማታ ቤት ገብቼ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1972 እ.ኤ.አ. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ የነበሩበት ጊዜ ነው። የውጭ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ እጃቸው ሲፈታ፣ ለወንጌል ሥራ ሲባል ግን ይታሰር ነበር። ደብዳቤው ሰውን ለሁለት አትክፈሉት፣ ሥጋውም ነፍሱም አንድ ላይ ነው የሚድነው የሚል ነው። እኛ ዛሬ ላኪ ስንሆን ያንኑ ክፍፍል ገልብጠን ይዘነዋል። ለጥምቀት ቁጥር እናጨበጭባለን፣ ለፋሻ ሲሆን ደረሰኝ እንጠይቃለን። በድሮ ለጋሾቻችን ስንት አምተናል! ስንደርስ ግን የእነሱን ወንበር ነው የያዝነው።

ደግሞስ የእኛ የድሬ ሰው ፍሬው ዘገየ ሊል ይችላል እንዴ? የኦሮምኛ መዘምራኑ ከሚያነቡት መጽሐፍ ጀርባ ያለውን አስቢ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠ ሰው ነው። ምጽዋ ላይ ነጻ ወጥቶ ከስዊድን ሚሲዮናውያን ጋር ተማረ፣ ስዊድንም ሄደ። ስዊድኖቹ ምጽዋ የደረሱት በ1866 እ.ኤ.አ. ወደ ኦሮሞ አገር እንገባለን ብለው ነው። መንገዱ ተዘጋባቸው፣ በወባ አለቁ። እሱ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱሱ በኦሮምኛ የታተመው በ1899 ነው። 33 ዓመት! እነዚያ ሳንቲም ሲያዋጡ የኖሩ የስዊድን ሴቶች ስንቶቹ ሳያዩት ሞተው ይሆን? ይሄን ስብሰባው ላይ ብናገር ጥሩ ነበር። እንደ ልማዴ ቤት ገብቼ ምጣድ ሳሰማ ነው የመጣልኝ።

ስብሰባውን የዘጉት የባቡሩ እማማ ናቸው። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የሚቀመጡት፣ ባላቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩት። ከጡረታቸው በየወሩ 200 ብር በመሐረብ ጫፍ ቋጥረው ያመጣሉ። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ነው የሚፈቱት፤ ልርዳዎት ብል እጄን ይመቱኛል። ተነሥተውም አልተናገሩ፤ እንደተቀመጡ «ዶላር ስንት እንደገባ እኔ አላውቅም። ልጅቷ ምን በላች?» አሉ። አዳራሹ ፀጥ አለ። ማራገቢያው ብቻ ቋ ቋ ይላል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገርሽ። ድጋፉ 31,000 ብር ሆኗል። ዛሬ ባለው ምንዛሪ 250 ዶላር ገደማ ነው፤ የድሮውን አይሞላም። ሴቶች ከአምልኮ በኋላ ግቢው ውስጥ ሳምቡሳ እየሸጥን ነው። ጎረቤት ያሉ ሙስሊም ሴቶች ሊጡን እንዴት እንደምናሳሳ አሳይተውናል፤ የእኛው ሳምቡሳ ለካ እስካሁን ዳቦ ነበር። የጣሪያውም ጉዳይ አልቀረም፣ ሽማግሌው በየሳምንቱ ያነሡታል። እውነታቸውን ነው፤ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ላይም ያፈስሳል። ቅጹን ደግሞ እንደገና እየጻፍን ነው። የቁጥሯ ጥያቄ ወጥታለች። በቦታዋ ምን እንደሚገባ ግን እስካሁን አልተስማማንም።

አገር ቤት ደህና ነው። ከዚራ ዛፎቿ እንዳሉ ናቸው። ጥር ስለሆነ ማታ ማታ ጋቢ እንለብሳለን፤ ድሬ ብርድ አለ ካልሽ መቼም። አባትሽ ደህና ናቸው። ባለፈው ለገሃሬ አካባቢ አግኝቻቸው «ኮማ ሳ ቫ» አልኳቸው፣ በአነጋገሬ ሳቁብኝ። «ፈረንሳይኛዬን ልጄ ይዛብኝ ሄደች» ይላሉ። ቻድ ውስጥ በእሳቸው የባቡር ፈረንሳይኛ ታማሚ እያናገርሽ መሆኑን ለሰው ሁሉ ያወራሉ።

ፎቶሽ አሁንም የአዳራሹ ቦርድ ላይ ነው። ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል። ባለፈው ሳልፍ የሰርግ ጥሪ ለጥፈውበት አንድ ጆሮሽ ብቻ ይታይ ነበር። ላጥኩትና ወደ ጎን አደረግኩት፤ ሙሽሮቹ ይቅር ይበሉኝ። አዲስ ፎቶ ላኪ፤ የአንቺን ብቻ፣ የታማሚ አልልሽም።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ሴት ሽሮ፣ በርበሬና የሐረር ቡና ይዛለች። ቡናውን እማማ ናቸው የለቀሙት፣ እኔ ቆላሁት፤ ጥቂቷን አሳርሬያታለሁ። ሽሮው ጨው ገብቶበታል፣ ደግመሽ እንዳትጨምሪ።

ያቺ ልጅ ግን እንዴት ሆነች? እግሯ ዳነ? ጻፊልኝ። ለቅጹ አይደለም፣ ለእኔ።

ጓደኛሽ
ከገንደ ቆሬ