ለትንንሽ ከተሞች ፍሳሽ፣ ከብሎወር በፊት ኩሬ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በትንንሽ ከተሞቻችን የፍሳሽ ነገር የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ኮንዶሚኒየሙና ሆቴሉ ተሠርቶ አልቆ ቦዩ መሽተት ሲጀምር ነው። ያኔ ለከተማው አስተዳደር ቶሎ የሚቀርበው በኤሌክትሪክ ብሎወር አየር እየተነፋበት የሚሠራ ማጣሪያ ነው። ቦታ አይፈጅም፣ በወራት ውስጥም ይተከላል። ያም ሆኖ መሬት ላላት ትንሽ ከተማ ይህ የተሳሳተ ምርጫ ነው፣ ፍሳሹ በተከታታይ ኩሬዎች አልፎ እንዲጣራ ማድረግ ይሻላል እላለሁ።

በዚህ ማጣሪያ ቆሻሻውን የሚበሉት ኦክስጅን የሚፈልጉ ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ብሎወሩ ቀንም ሌሊትም መሥራት አለበት። መብራት ሲጠፋ ኦክስጅኑ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ መብራቱ ሳይመለስ ከቆየ ዝቃጩ ይጠቁራል፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያመጣል። አየር የሚያወጡት የላስቲክ ሽፋኖች ቀዳዳም በዝቃጭ ይደፈናል። መብራት ሲመለስ ሞተሩ በተደፈነው በኩል ለመግፋት ሲታገል ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። የአዲስ አበባው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ እንኳ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሲስፋፋ የተመረጡት አየር አልባ ገንዳና ፍሳሹ የሚንጠባጠብበት ማጣሪያ ናቸው።

ኩሬ ግን ፀሐይና ስበት ይበቁታል። 5,000 ሰው ያላት ወይና ደጋ ከተማ እንውሰድ። በሰው በቀን 60 ሊትር ፍሳሽ ብንይዝ 300 ሜትር ኩብ ይሆናል። ባክቴሪያዎቹ ቆሻሻውን ለመብላት የሚፈልጉት ኦክስጅን፣ እኛ ቢኦዲ የምንለው፣ በሰው በቀን 40 ግራም ቢሆን በድምሩ 200 ኪሎ ነው። ውሃው 20 ዲግሪ ከሆነ የመጀመሪያው፣ 3 ሜትር የሚጠልቀው አየር አልባ ኩሬ በሜትር ኩብ 300 ግራም ይችላል፤ ስለዚህ 670 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃዋል፣ ከጭነቱም 60 በመቶውን ያወርዳል። የቀረው 80 ኪሎ ወደ ሁለተኛው፣ አልጌ ስለሚበቅልበት አረንጓዴ ወደምንለው ኩሬ ይገባል። እሱ 1 ሜትር ተኩል ጥልቀት ኖሮት በሄክታር 250 ኪሎ ስለሚሸከም 3,200 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ጀርም የሚገድሉ ሁለት ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ከኋላ ሲጨመሩ፣ ግድቡን ጨምሮ 1 ሄክታር ገደማ መሬት በቂ ነው።

ይህን ስሌት ገልብጦ ደጋ ላይ መሥራት ግን ትልቅ ስህተት ነው። ውሃው 15 ዲግሪ ሲሆን የመጀመሪያው ኩሬ 1,000 ሜትር ኩብ ይደርሳል፤ የሚያወርደው ግማሹን ብቻ ስለሆነ አረንጓዴው ኩሬ 6,000 ካሬ ሜትር ይጠጋል፣ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ዲዛይኑ የሚሠራው በዓመቱ አማካይ ሳይሆን በቀዝቃዛው ወር ሙቀት ነው።

በግንባታ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመውጫ ቱቦው ከፍታ ነው። ከአረንጓዴው ኩሬ ውሃው መቀዳት ያለበት ከውሃው ገጽ ላይ ሳይሆን ከገጹ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው፤ አለበለዚያ አልጌው አብሮ ይወጣል። መግቢያና መውጫው ፊት ለፊት ከሆኑ ደግሞ ፍሳሹ አቋርጦ ይሄዳል፣ 16 ቀን መቆየት የነበረበት ውሃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳይጣራ ይወጣል።

የኩሬውን ጤንነት ቀለሙ ይናገራል። ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው። ወደ ሮዝ ወይም ሐምራዊ ካደላ የሰልፈር ባክቴሪያ ነግሦበታል፣ ጭነት በዝቶበታል ማለት ነው። ግራጫ ሲሆን አልጌው ሞቷል። መንስኤው ብዙ ጊዜ ከመጸዳጃ ጉድጓድ ቆሻሻ የሚመጥ ቦቴ ነው። የአንድ ሊትሩ ቢኦዲ 5 ግራም የሆነ 10 ሜትር ኩብ ቦቴ 50 ኪሎ ይጥላል፣ የከተማዋን የቀን ጭነት ሩብ በአንድ ጊዜ! ቦቴ ኩሬ ውስጥ መገልበጥ የለበትም፤ የራሱ ማድረቂያ አልጋ ሊዘጋጅለት ይገባል።

ኩሬ ጠባቂ አይፈልግም የሚለው ወሬም ብዙ ኩሬ አበላሽቷል። መግቢያው ላይ ያለው የብረት ፍርግርግ በየቀኑ መጠረግ አለበት፤ ጨርቅና ፌስታል ሲይዘው ፍሳሹ በጎን ይፈሳል። በግድቡ ጠርዝ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ሣር ካልታጨደ ቢንቢ ይራባበታል። በአረንጓዴው ኩሬ ላይ የተንሳፈፈ አረፋም ብርሃን ስለሚከለክል መገፈፍ አለበት፤ በመጀመሪያው ኩሬ ላይ ያለው ግን ሽታ ስለሚያፍን አይነካም። ለዚህ ሁሉ በደመወዝ የተቀጠረ ሰው ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የዝቃጩ በጀት ነው። በሰው በዓመት 40 ሊትር ዝቃጭ ብንይዝ ከተማዋ 200 ሜትር ኩብ ታጠራቅማለች፤ የመጀመሪያው ኩሬ ሲሶው የሚሞላው በአንድ ዓመት ገደማ ነው። ያኔ ካልተጠረገ ዝቃጩ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ ሁለተኛውን መጥረግ ደግሞ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ አየር አልባው ኩሬ ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን ይሠራ፣ አንዱ ሲጠረግ ሌላው እንዲሸከም። የመጥረጊያው ገንዘብም ከውሃ ታሪፉ ላይ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይቀመጥ። የሚወጣው ዝቃጭ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ነገር ግን የወስፋት እንቁላል በውስጡ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ በደጋ ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት፣ በቆላ ከ1 ዓመት በላይ ተከምሮ ሳይቆይ ለጎመንና ለሰላጣ ማሳ መሰጠት የለበትም።

ከአክብሮት ጋር
የውሃና ፍሳሽ ባለሙያ