ማሽኑን በ«ቅቤ» ፈትኑት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ቤት ተቀምጦ ስለሚሠራ ሥራ ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ስለ ስቲከር መቁረጫ ማሽን አንዲት አንቀጽ ነበረች። «አቅም ካለ ሰፊውን መግዛት ያዋጣል» ትላለች። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። በዚች አንቀጽ ግን አልስማማም። ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሌላውንም ወገን ይስማ ብዬ ነው የጻፍኩላችሁ።

የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው ትንንሽ ስቲከር ነው። ባልትና የሚሸጡ ሴቶች የበርበሬና የሽሮ ዕቃቸው ላይ የሚለጥፉት ስም፣ የተማሪ ምሳ ዕቃና ኮዳ ላይ የሚለጠፍ ስም፣ አልፎ አልፎም የባጃጅ ጥቅስ። ትልቁ ሥራዬ የባጃጁ ነው። «ማዘር፣ ከሩቅ የምትነበብ አርጊልኝ» ይሉኛል። እሷም ብትሆን ከ30 ሴንቲ ሜትር አትሰፋም። ታዲያ 24 ኢንች ስፋት የሚቆርጠው ሰፊው ማሽን ለእኔ ምኔ ነው? 24 ኢንች ማለት 61 ሴንቲ ሜትር ነው። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ከነመቆሚያው ከገባ ወይ አልጋው ወይ እሱ ይወጣል። የሱቅ መስታወትና የመኪና ጎን ለሚሠራ ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ ሰፊውን ይግዛ።

ለቤት የሚሆኑት ጠባቦቹ ናቸው። ሲሉዌት ከሚባለው ብራንድ ፖርትሬት የተባለው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይቆርጣል፤ የተለመደው ካሜዮ 30። ክሪከት ከሚባለው ሌላው ብራንድ ኤክስፕሎርና ሜከርም እንደዚሁ 30 ናቸው። ጆይ የምትባለው ትንሿ ወደ 11 ብቻ ናት፤ ለስም ትበቃለች፣ ለባጃጅ አትሆንም።

ስፋቱን በዚህ እንለፈው። እኔ የምጠይቀው ማሽኑ ምን ያህል ትንሽ ፊደል በንጽሕና ይቆርጣል ብዬ ነው። ኢንተርኔት ላይ ማሽን የሚያወዳድሩት ሰዎች የሚፈትኑት በላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል ግን ዓይን ይበዛዋል። «መ» ሁለት ዓይን አለው። «ሜ» ሲሆን እግሩ ላይ ሦስተኛ ይጨመርበታል። «ቅቤ» ብላችሁ ብትጽፉ የ«ቅ» ሆድ አለ፣ የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት አለች። በትንሽ ዕቃ ላይ ቃሉ ሲያንስ ያቺ ቀለበት የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለች።

ችግሩ የሚመጣው ከምላጩ ነው። የአብዛኞቹ ማሽኖች ምላጭ በሞተር አይዞርም። ወደ ተጎተተበት ዝም ብሎ ይከተላል። ጫፉም ከመሐሉ ትንሽ ፈንጠር ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል። ማሽኑ ያንን ልዩነት እያሰላ ነው ጥግ የሚዞረው። ቀጥታ መስመር ላይ ምንም አይታወቅም። ቀለበቷ ስታንስ ግን ምላጩ መዞሪያ ያጣና ስቲከሩን ይጎትተዋል። ክቧ ትንጋደዳለች። መነሻና መድረሻዋ አይገጥሙም። ሲብስማ ተነቅላ ምላጩ ላይ ትጠቀለላለች፤ ከዚያ በኋላ የሚቆረጠው ሁሉ ይበላሻል።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ በፍላሽ «ቅቤ» የሚለውን ቃል ይዛችሁ ሂዱ። በ1 ሴንቲ ሜትር፣ በ7 ሚሊ ሜትር፣ በ5 ሚሊ ሜትር ቁመት ጻፉትና እዚያው አስቆርጡት። አንድ ሻጭ «ይቆርጣል እኮ!» ብሎ ኮከብ ቆርጦ አሳይቶኛል። ኮከብማ ማን ያቅተዋል! መስመሩ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። ከተቆረጠ በኋላ የ«ቤ»ን ቀለበት እዩ፤ ጫፍና ጫፏ ከገጠመ ጥሩ ነው። ስቲከሩን ላጥ አድርጋችሁ ከሥር ያለውን ወረቀት ደግሞ እዩ። መጫር እንጂ መበሳት የለበትም። ከተበሳ ግን ማሽኑን ለመኮነን አትቸኩሉ፤ ምላጩ በዝቶ ወጥቶ ወይም ግፊቱ በዝቶ ይሆናል። አስተካክለው ይድገሙላችሁ። የፊደሉ ዓይነትም ለውጥ አለው። ኒያላ የሚባለው የኮምፒውተር ፊደል ቀጫጭን ቦታ ስላለው በትንሽ ቁመት ይቆራረጣል፤ ወፈር ያለ ኖቶ ሳንስ የሚባለው ይሻላል።

ሁለተኛው የማየው ነገር ማሽኑን የሚያዘው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የክሪከት ፕሮግራም አካውንት ይፈልጋል፤ አብዛኛው ሥራውም በኢንተርኔት ነው። እኛ ሰፈር ኔትወርክ በፈለገው ሰዓት ነው የሚመጣው። የሲሉዌት ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በነፃ የሚገኘው ዓይነቱ ግን ኤስቪጂ የሚባለውን የሥዕል ፋይል አይከፍትም፤ ለዚያ ተጨማሪ ክፈሉ ይላል። ዲኤክስኤፍ የሚባለውን ሌላውን የሥዕል ፋይል ግን ይከፍታል። እኔ ጽሑፉን ኢንክስኬፕ በሚባለው ነፃ የሥዕል ፕሮግራም አዘጋጅቼ፣ ፊደሉን ወደ መስመር ቀይሬ በዲኤክስኤፍ አስቀምጣለሁ። አልቸገረኝም።

መብራት ደግሞ አለ። ቆረጣው መሐል መብራት ከሄደ ማሽኑ የት እንደደረሰ አያስታውስም፤ ያ ስቲከር ወደ ቆሻሻ ነው። የቤት ማሽን ብዙ ኃይል ስለማይበላ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ፣ ዩፒኤስ የሚሉት፣ ይበቃዋል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን አስነብቡ። ያ ካለ ሶኬቱን ብቻ መቀየር ነው። ምላጭም አብሮ ይላክ፤ የአንዱ ብራንድ ለሌላው ላይገጥም ይችላል። በዚህ በኩል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብዙዎቹ የቻይና ማሽኖች ይበልጣሉ። ሮላንድ በሚባለው ብራንድ ልክ የተሠራ ምላጭ ነው የሚወስዱት፤ ዋጋውም ቀለል ያለ ነው። ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ስቲከሩንም ምረጡ። ኦራካል የሚባለውን ብራንድ ካገኛችሁ ቁጥር 651 ለዕቃና ለውጭ ነው፤ ቁጥር 631 ለግድግዳ፣ ሲነሳ ቀለም ይዞ እንዳይመጣ። የበርበሬ ዕቃ ቅባት ስላለው ከመለጠፉ በፊት በአልኮል ይጠረግ። የእኛ ሰፈር አቧራ ደግሞ ሙጫ ይወዳል። ማሽኑን ስጨርስ ወዲያው እሸፍነዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ጽሑፋችሁ ጨርሶ አላነሳውም። ማሽኑ ቆርጦ ዞር ይላል። በፊደሎቹ መሐልና ዙሪያ የቀረውን ትርፍ በወረንጦ የሚለቅመው ሰው ነው። የ«ሜ»ን ሦስት ዓይኖች አንድ በአንድ ማውጣት ነው። ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ እንዲገባላቸው የሚጠይቁ ደንበኞች አሉ፤ ያቺ ነጥብ ወይ ከትርፉ ጋር ትሄዳለች ወይ ወረቀቱ ላይ ትቀራለች። ሥራው መስከረም ሲቃረብ፣ የተማሪ ስም ሲበዛ፣ እስከ ሌሊት ያስቀምጣል። ለዚህ ነው እኔ በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በፊደል የማስከፍለው። ዋጋ ስታወጡ የማሽኑንና የስቲከሩን ብቻ ደምራችሁ አትተዉት፤ የመልቀሚያውንም ሰዓት አስገቡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከቦሌ አራብሳ