የሚነዝር የስፌት መኪና በናስትሮ አይጠገንም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አሮጌ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ሲቆም «ሞተሩ ተቃጠለ» ተብሎ ይጣላል፤ ሲነዝር ደግሞ ናስትሮ ተጠቅልሎበት ወደ ሥራ ይመለሳል። ሁለቱም ስህተት ነው፣ ሁለተኛው ግን ሰው ይገድላል። የድሮዎቹ መኪኖች ሽቦ በአብዛኛው በጎማ የተሸፈነ ነው። ጎማው በዘይትና በሙቀት ይደርቃል፣ ሲታጠፍ ይፈረፈራል፤ የተራቆተው መዳብም የመኪናውን ብረት ይነካል። አንድ ቦታ ከተፈረፈረ ሌላውም ደርሷልና ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀየር።

ሶኬቱን ነቅላችሁ፣ ምንም ሳትፈቱ የሽቦዎቹን አገጣጠም ፎቶ አንሱ። የሞተሩን ሰሌዳ አንብቡ፤ 110 ቮልት የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ አይሰካም። ለቤት መኪና 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ባለ ብዙ ቀጫጭን ክር ለስላሳ ሽቦ ይበቃል። ባለ አንድ ክር ደረቅ ሽቦ አትጠቀሙ፤ በንዝረት ይሰበራል።

ብዙ ሞተር የሚበላሸው ሲጠገን ነው። በሞተሩ ውስጥ የተጠመጠመው የጥቅሉ ሽቦ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነ ከእሱ የሚወጣውን አሮጌ ሽቦ ጎትታችሁ አታውጡ። ጤነኛ መዳብ እስክታገኙ ቁረጡና 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ አዲሱን በዚያ ላይ በሊድ በይዱ። መጋጠሚያውን የሚሸፍነውን፣ ሲሞቅ የሚኮማተረውን ቱቦ ከመበየዳችሁ በፊት ሽቦው ላይ አስገቡ፤ ኋላ መግቢያ የለውም። አሲድ ያለበት የብየዳ ቅባት መዳቡን ቀስ በቀስ ይበላዋልና ይቅር። መጋጠሚያውን ከጥቅሉ ጋር በክር እሰሩት፣ ገመዱ ሲሳብ ጉልበቱ ቀጭኑ ሽቦ ላይ እንዳያርፍ። ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱትን ካርቦኖች ስታወጡ የግራና የቀኙን፣ የላይና የታቹን ምልክት አድርጉ፤ ተገላብጠው ከገቡ ብልጭታ ይበዛል።

ፔዳሉ ሳይረገጥ መኪናው የሚሮጥ ከሆነ በፔዳሉ ውስጥ ያለውን ኮንዴንሰር ጠርጥሩ። ምትኩ ኤክስ2 (X2) የሚል ምልክት ያለው፣ ማለትም ለቤት መብራት መስመር የተሠራ ዓይነት ይሁን።

ከመሰካታችሁ በፊት ፔዳሉን ረግጣችሁ፣ የመብራቱን ማብሪያ ከፍታችሁ፣ በሶኬቱ በእያንዳንዱ እግርና በመኪናው ብረት መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መቋቋም በመልቲሜትር ለኩ። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካነበባችሁ አትሰኩ። መልቲሜትር የሚለካው በጥቂት ቮልት ስለሆነ ደካማ ሽፋን ሊያመልጠው ይችላል፤ በ500 ቮልት የሚለካ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ቢያየው እንመርጣለን። የመጀመሪያው ሙከራ ቺንጊያው ወልቆ፣ ባለ 60 ዋት የድሮው ዓይነት፣ በክር የሚበራ አምፖል በተከታታይ ተገጥሞ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ በኩል አልፎ ወደ መኪናው እንዲደርስ ተደርጎ ይሁን። አምፖሉ ደብዝዞ ሞተሩ በዝግታ ከዞረ ደህና ነው፤ ሞተሩ ቆሞ አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ከበራ ግን የተነካካ ሽቦ አለና ወዲያው ንቀሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፌት መኪና ጠጋኞች