ስትደውዪ «አዎ» የማልልሽ ለምንድን ነው

ልጄ፣

ከእንግዲህ ከሥራ ቦታ ደውለሽ «አባዬ፣ ምድጃውን ነቅዬ ነው የወጣሁት አይደል?» ስትይኝ «አዎ» አልልሽም። ከሐኪምሽ ጋር ሦስታችንም ተስማምተንበታል። ግን ጭንቀቱ ሲመጣ ምክንያቱ ሊጠፋብሽ ስለሚችል በጽሑፍ እንዲኖርሽ ፈለግሁ።

ኦሲዲ፣ ማለትም ያለ ፈቃድሽ የሚመጣ አስጨናቂ ሐሳብ ደጋግመሽ እንድታጣሪ የሚያስገድድሽ ሕመም፣ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። አክስትሽ «ሰይጣን ነው» ስትል አትከፊባት፣ ስለምትወድሽ ነው። ፀበልሽን ተጠመቂ። መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጪ።

ከዓይንሽ በላይ፣ ከግንባርሽ ኋላ ኦርቢቶፍሮንታል ኮርቴክስ የሚባል የአንጎል ክፍል አለ። «እዚህ ጋ አንድ ነገር ልክ አይደለም» የሚለው ስሜት ሲመጣ እጁ አለበት። መልእክቱ ወደ ውስጥ፣ ካውዴት ወደሚባለው ክፍል ይወርዳል፤ ከዚያ ታላመስ በሚባል ሌላ የአንጎል ክፍል በኩል ዞሮ ወደ ግንባር ይመለሳል። ሌላው ሰው ምድጃውን አንዴ ካየ ነገሩ በዚያው ይረግባል። ኦሲዲ ያለበት ሰው ላይ ግን ይህ ዑደት ከመጠን በላይ ይሠራል። ዓይንሽ አይቷል፣ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ «አለቀ» የሚለው ስሜት ነው የሚቀረው። ከደረጃው ተመልሰሽ የምትወጪው ለዚህ ነው።

እኔን በጣም ያጽናናኝን ልንገርሽ። በ1992 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ እነ ሉዊስ ባክስተር የታማሚዎችን አንጎል ከሕክምና በፊትና በኋላ የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳይ ምርመራ፣ በፔት ስካን፣ አዩ። አንዱ ቡድን ፍሎክሲቲን ወሰደ። ሌላው ያለ መድኃኒት የባህርይ ሕክምና ብቻ፣ ማለትም ጭንቀቱን ችሎ ለማጣራት ሳይመለሱ መቆየትን የሚያለማምደውን፣ ተከታተለ። ከሁለቱም ቡድን በተሻላቸው ሰዎች ላይ የቀኙ ካውዴት የሥራ ብዛት ቀንሶ ተገኘ። አስቢው እስቲ! ጭንቀቱን ችሎ ሳይመለሱ መቆየት ራሱ አንጎል ውስጥ ገብቶ ይታያል።

የኔ «አዎ» ይህንን ነው የሚያበላሸው። አንቺ ሐዋሳ፣ እኔ አዲስ አበባ፤ ምድጃሽን የት አየሁትና ነው? ግን «አዎ» ስልሽ ለጊዜው ይቀልልሻል፣ ልክ ሄደሽ እንዳየሽው ሁሉ። ትንሽ ቆይቶ ጥያቄው በርትቶ ይመጣል።

ስለ መድኃኒቱ፦ ለኦሲዲ ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ባለ መጠን ይታዘዛል። ለውጡ እስኪታይም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለሽ እንዳትጥዪው። የጎንዮሽ ጉዳት ካስቸገረሽ ለሐኪሙ ንገሪው እንጂ በራስሽ አታቁሚ።

ደውዪ ግን። ሁልጊዜ አነሳለሁ። «ይሄ ኦሲዲው ነው፣ እስኪያልፍ አብሬሽ አለሁ» እልሻለሁ፤ ከዚያ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ጎረቤቶችሽ እናወራለን። ብትቆጪኝም፣ ብታለቅሺም ስልኩን አልዘጋም። እናትሽም እንደዚሁ ታደርጋለች፤ ለወንድምሽም ነግረነዋል፣ እሱ ጋ ደውለሽ «አዎ» እንዳታስብዪው።

አባትሽ