የገና ዱላውን ለሴት ልጆቻችንም ስጧቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። የስፖርት መምህርት ነኝ። ሰሞኑን በስፖርት ገጻችሁ ጥግ ላይ ስለ አፍሪካ ወጣት ሴቶች የሜዳ ሆኪ ማጣሪያ ያወጣችኋትን አጭር ዜና አነበብኩ። ሆኪ ጫፉ በጎበጠ ዱላ ኳስ እየመቱ ጎል የሚያስቆጥሩበት ጨዋታ ነው። መጨረሻዋ ላይ «ስፖርቱ በአገራችን አይታወቅም» ትላለች። ብዕር ያስነሳችኝ ያቺ መስመር ናት።

የማይታወቀው ስሙ ነው። ጨዋታውንማ፣ የእኛን ገና ስለሚመስል፣ መንዝ ውስጥ በግ ጠባቂ ሁሉ ያውቀዋል። ያደግኩት መሐል ሜዳ አጠገብ ነው። ልጆች ገና ከመድረሱ በፊት ዛፍ ለዛፍ ይዞራሉ። የሚፈልጉት ጫፉ በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ነው። ያገኘ ልጅ ይቆርጠዋል፣ ይልጠዋል፣ ደብቆ ያደርቀዋል። ሩሯ፣ በዱላ የምትመታዋ ኳስ፣ ከእንጨት ትጠረባለች ወይ ከጠፍር ትጠቀለላለች። ታኅሣሥ 29 ቀን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላይ ቤትና ታች ቤት ይከፈልና እስኪመሽ ሩሯን መንዳት ነው። ጌታና ሎሌ አይለይም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው።

ጌታው አይቆጣም። ሴት ልጅ ዱላ ስትይዝ ግን ይቆጡ ነበር። አስር ዓመቴ ሳለ የወንድሜን ዱላ ይዤ ሜዳው ዳር ቆሜ ነበር። ሩሯ እግሬ ስር መጣች። መታኋት። አንድ ጊዜ ብቻ። ሩሯ ስትሄድ ያየሁትን፣ እጄ ላይ የተሰማኝን ንዝረት ዛሬም አልረሳውም። ወዲያው አንድ ትልቅ ሰው «ሴት ልጅ ገና ትመታለች እንዴ!» ብለው ዱላውን ነጠቁኝ። አያቴም «ነይ እናቴ፣ ጠላውን ቅጂ» አለችኝ። ያን ቀን እስኪመሽ ጠላ ስቀዳ ዋልኩ። ሰውየውን አልቀየምኳቸውም፤ ያዩትን ነው ያደረጉት። እኔ ግን ሌላ ነገር እንዲያዩ እፈልጋለሁ።

አሁን ስለ ማጣሪያው ልናገር፤ ዜናችሁ ቶሎ አልፎታልና። የሆኪ የወጣቶች የዓለም ዋንጫ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአፍሪካ ማጣሪያ ናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሆክ ላይ ተደረገ። በሴቶች ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌና ናሚቢያ አለፉ። በ2018 ዓ.ም. ሦስቱም ቺሊ፣ ሳንቲያጎ ሄደው ተጫወቱ። ከዚያ በፊት የዓለም ዋንጫው 16 ቡድን ብቻ ነበረው፤ በዚህኛው 24 ሆነ። በሩ ሰፍቷል ማለት ነው።

ዚምባብዌን ልብ በሉልኝ። በ1972 ዓ.ም. የሴቶች ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ፣ ሞስኮ ላይ ወርቁን የወሰደችው እሷ ናት። እኛ ያን ኦሎምፒክ የምናስታውሰው ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ባመጣቸው ሁለት ወርቆች ነው። እዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን ነው የዚምባብዌ ሴቶች ያሸነፉት። አገሪቱ ነጻ ከወጣች ገና ጥቂት ወሯ ነበር። ብዙ አገሮች አድመው ስለቀሩ በመጨረሻ ሰዓት ተጋበዘች። ቡድኑ በጥቂት ሳምንት ተሰባስቦ ሄደና ወርቅ ይዞ ተመለሰ።

ሆኪና ገና አንድ ናቸው እያልኩ አይደለም። የሆኪ ዱላ አንድ ጎኑ ብቻ ጠፍጣፋ ነው፤ በጀርባው መምታት ጥፋት ነው። ኳሷ ከ156 እስከ 163 ግራም ትመዝናለች፣ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ናት። ሜዳ ላይ ያለ ተጫዋች በእግሩ ከነካት ያስቀጣል፤ በእግር የሚፈቀደው ለበረኛ ነው። በየወገኑ 11 ሰው፣ 4 ጊዜ 15 ደቂቃ ይጫወታል። ጎል የሚቆጠረው ደግሞ ከግቡ ፊት ያለው ግማሽ ክብ ውስጥ ሲመታ ብቻ ነው። ይሄ ሁሉ ግን በአንድ ወር የሚለመድ ሕግ ነው። በአንድ ወር የማይለመደው ዓይንና እጅ ተናቦ የምትሮጥ ነገር በዱላ ጫፍ መያዝ ነው። እሱን የእኛ ልጆች ከሕፃንነታቸው ይዘውት ያድጋሉ። ወንዶቹ ማለቴ ነው።

ባለፈው ዓመት 14 ተማሪዎቼን ሰብስቤ ጀመርኩ። ዱላውን አንድ አናጢ ጠረበልን። ለኳስ የቴኒስ ኳስ ያዝን፣ ለቅልጥም መከላከያ የበግ ቆዳ አሰርን። አንዲት ሕግ አወጣሁ፤ ዱላ ከትከሻ በላይ አይነሳም። መጀመሪያ ቀን ዱላውን እንደ መጥረጊያ ነበር የያዙት። በሦስተኛው ሳምንት ኳሷን ሳያዩ መቀባበል ጀመሩ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ልጅ፣ ሜዳ ላይ «ወዲህ! ወዲህ አምጪ!» እያለች ስትጮህ ስሰማ እንባዬ መጣ።

ከዚያ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ አንድ የሴቶች ጨዋታ እንዲታይልን ጠየቅሁ። «ጥርስ ያወልቃል፣ ለሴት አይሆንም» ተባልኩ። አደጋው እውነት ነው፤ አልክድም። ወንዶቹም እኮ በገና ሜዳ ጥርሳቸው ይወልቃል፣ ማንም አልከለከላቸውም። ሆኪ የጥርስ መከላከያ፣ የበረኛ የራስ ቁር፣ ኳስን በአደገኛ መንገድ ማንሳትን የሚቀጣ ዳኛ ያለው ለዚሁ ነው። መፍትሔው ልጅቷን ማስወጣት ሳይሆን ሕጉን ማስገባት ነው።

ገንዘብስ? ትልቁ ሆኪ የሚጫወተው ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነው፤ ውድ ነው። አምስት ለአምስት የሚጫወቱት ሆኪ ግን አለ፤ 40 ሜትር በ28 ሜትር ሜዳ ይበቃዋል። በጎች የጋጡት የደብረ ብርሃን ሜዳ ለመጀመሪያ ምን ያንሰዋል? የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገና ጨዋታ ሕግ አውጥቶ ያወዳድራል፤ ያ ትልቅ መነሻ ነው። እኔ በቆምኩበት የገና ሜዳ ሁሉ ግን የሴት ቡድን አላየሁም። በሚቀጥለው ዞናዊ ውድድር አንድ ይኑር። ለጊዜው የምለምነው ይህንኑ ነው።

ብዙ የዞናችን ልጆች በሰላም እጦት ከትምህርት ገበታ እንደራቁ አውቃለሁ። በዚህ ጊዜ ስለ ዱላና ኳስ መጻፏ ምንድን ነው የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ልጆቹን በየቀኑ አያቸዋለሁ። ሜዳ ሲገቡ ፊታቸው ይፈታል።

እናንተን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። በመጪው ገና ማግስት ጠዋት ሴት ልጆቼ ለሁለት ተከፍለው ይጫወታሉ። ወላጆቻቸውን ጠርተናል። አያቴም ከመንዝ ትመጣለች። ጋዜጠኛ ላኩልን። ጋቢ ይዞ ይምጣ፤ የታኅሣሥ ውርጭ እዚህ ከባድ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የስፖርት መምህርት፣ ደብረ ብርሃን