ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር፦ ለ40 መምህራን ስልጠና የድጋፍ ጥሪ ከጎንደር

ውድ የጎንደር ልጆች፣ እዚሁ ከተማችንም፣ አዲስ አበባም፣ ባሕር ማዶም ያላችሁ፤

ለሦስት ዓመት ያህል የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ የሚውለው እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ኮምፒውተሮቹ የመጡ ዕለት ሪባን ተቆርጧል፣ ፎቶ ተነስተናል፣ ቡና ተፈልቷል። ከዚያ በኋላ ተማሪ የገባባቸውን ቀናት በጣቴ ቆጥሬ እጨርሳቸዋለሁ። ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተቀመጡ። ሰው ይህን ሲያይ «መምህራኑ ሰንፈው ነው» ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዕቃውን በሞዴል 22፣ በንብረት ወጪ ቅጹ፣ ፈርሜ የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ አንዲት ማውዝ ብትጠፋ የሚጠየቀው የእኔ ደመወዝ ነው። ደግሞስ ከፍቼ ምን ላስተምርበት? መክፈቻና መዝጊያውን እንጂ በእሱ እንዴት እንደሚያስተምሩ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቆለፍኩት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ለዚህ ነው በዚህ ጥሪ ክፍል ሙሉ ኮምፒውተር ግዙልን የማንለው። በዋናነት የምንጠይቃችሁ የ40 መምህራንን የ12 ቅዳሜ ስልጠና ወጪ እንድትችሉልን ነው።

ፕላዝማን፣ በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረውን ትምህርት፣ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሁሉ፣ ግድግዳ ላይ ካለው ሳጥን በእንግሊዝኛ የሚፈስ ትምህርት ሲከታተል፣ ሳይገባው ሲያልፈው፣ ቲቸሩ ደግሞ መግቢያና መውጫ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሲናገር አይቷል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋል። ሳጥኑ ከመምህሩ ቀድሞ ገብቶ መምህሩን አብሪና አጥፊ አደረገው። ያንን ስህተት በላፕቶፕ መድገም አንፈልግም።

«ትምህርት ለትውልድ» የሚባለው ንቅናቄ ከመጣ ወዲህ ወላጁም፣ ዕድሩም፣ ነጋዴውም ብዙ ሠርቷል፤ ግድግዳ ተቀብቷል፣ ዴስክ ተጠግኗል። እግዚአብሔር ይስጥልን። የመምህር ስልጠና ግን ስም የሚጻፍበት ግድግዳ የለውም። መራቂም አይገኝለትም።

ሕጉማ አለ። ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ እኛ ተሙማ የምንለው፣ አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ራሱን እንዲያሻሽል ይጠይቃል። የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብሩም መማር ማስተማሩን፣ የግቢውን ምቹነት፣ አመራሩንና የኅብረተሰቡን ተሳትፎ ትምህርት ቤቱ ራሱ እንዲገመግም ያዛል። ጥሩ ሐሳብ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ብዙዎቻችን 60 ሰዓቱን የምናሟላው በወረቀት ነው። ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ሲባል ፖርትፎሊዮ፣ የሥራችን ማስረጃ የሚያዝበትን ፋይል፣ ከጎረቤት እንቀዳለን። እኔም ቀድቻለሁ።

አሁን ምን ልናደርግ ነው? በጉድኝታችን፣ ማለትም አብረው በሚሠሩት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች ስብስብ፣ ካሉት አምስት ትምህርት ቤቶች ስምንት ስምንት መምህራን ይመረጣሉ። በየቅዳሜው አምስት ሰዓት ነው፤ 12 ቅዳሜ ሲሆን 60 ሰዓቱ በትክክል ይሞላል። የምንጀምረው የካቲት ላይ ነው። ጥር ላይ ለምን አልሆነም ለሚል፣ ጥር 10 እና 11 ጎንደር ውስጥ ስልጠና የሚጠራ ሰው ጥምቀትን አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቅዳሜዎች የሚያልቁት በሮስተር ላይ ነው። ከመምህርነት ውጭ ያላችሁ ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚያደክመን ላይገባችሁ ይችላል። ጥርና ሰኔ ላይ የክፍል ኃላፊው ከየትምህርቱ መምህር ማርክ ሊስት ይሰበስባል፣ የ60 ተማሪ ውጤት አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ በእጁ ይገለብጣል፣ ይደምራል፣ ያካፍላል፣ ደረጃ ያወጣል፣ ከዚያ ካርድ ላይ እንደገና ይጽፋል። ሌሊት በሻማ ሲደመር አንዲት ቁጥር ትሳሳታለች፤ በማግስቱ እናት «ልጄ 4ኛ ናት እንጂ 7ኛ አይደለችም» ብላ ቢሮ ትቆማለች፤ ብዙ ጊዜም ልክ ናት። ይህን ሥራ ኤክሴል የሚባለው የኮምፒውተር ሰንጠረዥ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ይህን ያሳየኝ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ ከአሠልጣኞቻችን አንዱ እሱ ነው።

ከድምሩ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው። የፈተናውን ውጤት ጥያቄ በጥያቄ ስንመዘግበው የተሸሸገው ይወጣል። ለምሳሌ ከ60 ተማሪ 50ው 17ኛውን ጥያቄ ከሳተ፣ ወይ ጥያቄው ተበላሽቷል፣ ወይ እኔ አላስተማርኩትም። ሰኞ ተመልሼ ያንኑ ርዕስ በሌላ መንገድ አስተምራለሁ። ለእኔ የትምህርት ቤት መሻሻል የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ሪፖርቱ በኋላ ይደርሳል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ናቸው ሲባል ሁላችንም ደነገጥን፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ። ልጆቹ የሳቱትን ከታች ክፍል ጀምሮ የተከታተለው ማን ነበር? ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር ይሰጣል፤ ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ከጥያቄው በፊት ከማውዙ ጋር ይታገላል።

ቀሪዎቹ ቅዳሜዎች ለማስተማሪያ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ አንመካም፤ ክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦበት ስለነበር ትምህርቱን ወስደናል። በየትምህርት ቤቱ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ኮምፒውተር እናስቀምጣለን። ኮሊብሪ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይጫንባታል፤ መጻሕፍቱን፣ ቪዲዮውን፣ መልመጃውን ይዛ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ለክፍሉ ታድላለች። ኃይል የምትፈልገው ትንሽ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ያቆያታል። ቤተ ሙከራ ለሌለን ሳይንስ መምህራን ደግሞ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ፌት የሚባል የስክሪን ላይ ቤተ ሙከራ አለ፤ አምፖል፣ ሽቦና ባትሪ ስክሪን ላይ ተገጣጥሞ ልጁ ራሱ ያበራዋል፣ ያቃጥለዋል። እኔ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የሳልኩት አምፖል እስከ ዛሬ አንድም ቀን በርቶ አያውቅም።

ከ40ው በኋላ ላሉትስ? ይህን ከአብነት ትምህርት ቤት ተውሰነዋል፤ ቀድሞ የገባው አዲሱን ያስቀጽላል፣ ማለትም ያስተምረዋል። ሰልጣኙ ሁለት ባልደረቦቹን ይዞ በሳምንቱ መካከል የተማረውን ያስቀጽላል፤ ይህን ያላደረገ የምስክር ወረቀት አያገኝም። የአቋቋም ዜማ አዋቂው ሁሉ ሊያስመሰክር በአታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በሚመጣበት ከተማ ይህ ለማንም እንግዳ አይሆንም።

ወጪው እነሆ። ለባጃጅና ለምሳ በቀን ለአንድ ሰው 250 ብር፣ በድምሩ 120,000 ብር። አምስት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ከነባትሪያቸው 180,000 ብር። ለሕትመት፣ ለኤክስቴንሽን ገመድና ለመሳሰለው 20,000 ብር። ጠቅላላው 320,000 ብር ነው፤ ለአንድ መምህር 8,000 ብር ይደርሳል። ለአሠልጣኝም ለሰልጣኝም አበል የለም፤ ለአበል የሚመጣ ሰው ከወዲሁ እንዲቀር ሆን ብለን ነው። 40ው መምህራን ከደመወዛቸው 500 ብር እያዋጡ 20,000 ብሩን ሸፍነዋል። የቀረው 300,000 ብር ነው።

አንድ መምህር ሙሉ በሙሉ መያዝ የሚችል ይያዝ። የማይችል የአንድ ቅዳሜ 250 ብር ይበቃል። ገንዘቡ የሚገባው በጉድኝቱ ማዕከል ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ሂሳብ ነው፤ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ሲሆን ከሦስቱ አንዷ ወላጅ ናት። ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ እንቆርጣለን፤ ወጪውንም ሰኔ ላይ በወላጆች ስብሰባ አንብበን ግቢው ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን። በጉድኝቱ ውስጥ ልጅ ያላችሁ ለትምህርት ቤታችሁ ወመህ ስጡ፤ ራቅ ያላችሁ እዚህ ባለ ዘመድ በኩል ላኩ።

ከገንዘቡ ሌላ አሥር ያገለገሉ ላፕቶፖች ይበቁናል። ላፕቶፖቹ ገቢ ሆነው ሲመዘገቡ እንዲጸና ከትምህርት ቤቱ ጋር የተስማማነው ነገር አለ፤ በሥራ ላይ ሳለ የተበላሸ ዕቃ መምህሩን አያስከፍልም፤ ለጥገናውም ወመህ ይጠይቅለታል። ይህ በጽሑፍ ባይሰፍር ኖሮ ጥሪውን አልጽፈውም ነበር። አሥር ያገለገሉ ላፕቶፖች ይበቁናል። ከውጭ የምትልኩልን ግን አደራችሁን ቻርጀሩን አትርሱ፤ ያለ ቻርጀር የመጡ ሁለት ላፕቶፖች አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ።